ሚኒሙግ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ የጥንቶቹን ሲንተሳይዘሮች (ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥሩ የሙዚቃ መሣሪያዎች) ድምፅ በኮምፒውተር ስለሚያወጡ ፕለጊኖች (በሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ የሚከፈቱ ሶፍትዌሮች) እና ከእነርሱ ጋር ተጣምረው ስለሚሠሩ ኪቦርዶች። በመሆኑም የዚህን እትም ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሚኒሙግ የተባለውን ሲንተሳይዘር የሚያስመስል ሶፍትዌር ኮምፒውተሬ ላይ ጭኛለሁ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእንጨት ሣጥንና የማዞሪያዎቹ አቀማመጥ ቁርጥ ዋናውን ይመስላል። ድምፁም ያው ነው ብዬ ልመን? አብሮኝ የሚጫወት ጓደኛዬ «ሥዕሉን እንጂ ድምፁን አላመጡትም» እያለ ይከራከረኛል።

መልስ፦ ሥዕሉ ምንም አያረጋግጥም፤ በዚህ በኩል ጓደኛዎ ትክክል ናቸው። ሣጥኑን መሳል ቀላል ሥራ ሲሆን፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ ጠባይ በቁጥር መግለጽ ግን መሐንዲሶችን ለብዙ ዓመታት ያደከመ ነገር ነው።

ሚኒሙግ ሞዴል ዲ በ1970 ሲወጣ ሦስት ኦሲሌተሮች (የድምፁን ሞገድ የሚያመነጩ ክፍሎች)፣ አንድ ፊልተር (ከድምፁ ከፊሉን የሚቆርጥ ማጣሪያ) እና 44 ቁልፎች ያሉት፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኖታ በላይ የማያሰማ መሣሪያ ነበር። እስከ ዛሬ ስሙ እንዲነሣ ያደረገው በዋናነት ፊልተሩ ነው። ሮበርት ሙግ ትራንዚስተሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ እንደ መሰላል በመደርደር የሠራው ይህ ሰርኪት ከመቁረጫው ነጥብ በላይ ያለውን ድምፅ በየኦክታቩ (ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር) 24 ዴሲቤል እየቀነሰ ያወርዳል። ጠንከር ያለ ሲግናል ሲገባበት ትራንዚስተሮቹ ስለሚጠግቡ (ከዚያ በላይ መሸከም ስለማይችሉ) ድምፁ እየወፈረ ይመጣል፤ ሬዞናንሱ (በመቁረጫው ነጥብ አካባቢ ያለውን ድምፅ የሚያጎላው ጠባይ) ከፍ ሲደረግ ደግሞ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ይሳሳል። እነዚህ ጠባዮች እርስ በርስ የተሳሰሩ ናቸውና አንዱን ለብቻው አስመስሎ ሌላውን መተው አያዋጣም።

ሶፍትዌር ሠሪዎቹን ከሁሉ ይበልጥ ያስቸገራቸው ሬዞናንሱ ነው። ሬዞናንስ የሚፈጠረው ከፊልተሩ የወጣው ድምፅ ወደ መግቢያው ተመልሶ ሲገባ ሲሆን፣ ይህ በሽቦ ላይ በቅጽበት ይከናወናል። ኮምፒውተር ግን ድምፅን የሚያሰላው ነጥብ በነጥብ፣ አብዛኛውን ጊዜም በሰከንድ 44,100 ጊዜ ስለሆነ፣ መውጫውን ለማወቅ መግቢያው፣ መግቢያውን ለማወቅ ደግሞ ገና ያልተሰላው መውጫ ያስፈልገዋል። ብዙዎቹ የቀድሞ ሶፍትዌሮች ይህን ያለፉት ከቀደመው ነጥብ የተገኘውን ውጤት እየተዋሱ ነበር። የአንድ ነጥብ መዘግየት ከቁም ነገር የሚገባ ባይመስልም፣ ፊልተሩ በከፍተኛ ድምፆች ላይ ማፏጨት ሲጀምር ቅኝቱን ያዛባዋል፤ «ዲጂታል ይሸታል» የሚባለውም በከፊል ከዚህ የመጣ ነው። የኋለኞቹ ሶፍትዌሮች መግቢያውንና መውጫውን እንደ አንድ እኩልታ በአንድነት ይፈቱታል። በ2011 የወጣው የዩ-ሄ ኩባንያ ዲቫ በዚህ አሠራር ከታወቁት አንዱ ነው፤ ዋጋው ግን በፕሮሰሰሩ ላይ የሚጥለው ሸክም ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ «ድራፍት» ከሚባለው ቀላል አሠራር እስከ «ዲቫይን» የሚደርሱ የጥራት ደረጃዎች የተቀመጡትም ኮምፒውተሩ በሚችለው ልክ እንዲመረጥ ነው።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልመለስ። የእርስዎን ሶፍትዌር በጆሮ ለመፈተን ሁለት ነገሮችን ያድርጉ። መጀመሪያ የመጋዝ ጥርስ ቅርፅ ያለውን ሞገድ ይምረጡ፣ ፊልተሩን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱ፣ ከዚያም ከኪቦርዱ ጫፍ አካባቢ አንድ ቀጭን ኖታ ይዘው የቅኝት ማጠፊያውን ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይግፉ። ኖታው ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ ሌላ ቀጭን ፉጨት ወደ ታች ሲወርድ ከሰሙ የሒሳቡን ጉድለት አገኙት ማለት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሰከንድ 44,100 ነጥብ የሚያሰላ ሥርዓት ከ22,050 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ መያዝ ስለማይችል ትርፉን ወደ ታች አጥፎ ይመልሰዋል። የ2,500 ኸርዝ ኖታ 17ኛ ሃርሞኒክ (ከኖታው ጋር አብሮ የሚሰማ፣ 17 እጥፉ የሆነ ድምፅ) 42,500 ኸርዝ ነው፤ ይህ ታጥፎ ሲመለስ 1,600 ኸርዝ ላይ ያርፋል። ከራሱ ከኖታው በታች የሚሰማ፣ ከኖታውም ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ድምፅ ሆነ ማለት ነው። ኖታው ወደ 2,550 ከፍ ሲል ያው ሃርሞኒክ ወደ 750 ይወርዳል። ጥሩ ሶፍትዌር ሞገዱን ከመነሻው ይህ እንዳይደርስበት አድርጎ ይቀርጸዋል፣ ወይም ከሚያስፈልገው እጥፍ በበዛ ፍጥነት አስልቶ ትርፉን ካጣራ በኋላ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ፈተና ይቀልላል። አንድ የቤዝ ኖታ አሥር ጊዜ ደጋግመው ይምቱ። በዋናው ሚኒሙግ ኦሲሌተሮቹ ቁልፍ ተነካም አልተነካም ሁልጊዜ ስለሚሠሩ፣ በመሣሪያው ሙቀትም ጥቂት ጥቂት ስለሚንሸራተቱ፣ እያንዳንዱ ምት ሲጀምር ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ይለያያል። አሥሩ ምት አንድ ዓይነት ሆኖ እንደ መዶሻ ከተሰማዎት ሶፍትዌሩ ሞገዱን በየምቱ ከዜሮ እያስጀመረው ነው። አንዳንዴ ይህ መዘጋጃው ውስጥ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ሶፍትዌሩን ከመኮነንዎ በፊት እርሱን ይፈልጉ።

የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ፣ ባንድ ሙሉ በሚጫወትበት ቅጂ ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የቆመ ድምፅ ሰምቼ ዋናውን ከአምሳያው እለያለሁ ብዬ አልወራረድም። ልዩነቱ ብቅ የሚለው እጅ ሲንቀሳቀስ፣ ሬዞናንሱ ጫፍ ላይ ሳለ ፊልተሩ ሲጠመዘዝ ነው። «ዋናው» ሲባልም የትኛው ዋና እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። በ1978 የወጣው ፕሮፌት-5 ሲንተሳይዘር በመጀመሪያዎቹ ሁለት እትሞቹ ከአንድ አምራች፣ በሦስተኛው እትም ደግሞ ከሌላ አምራች የተገኙ ቺፖችን ስለተጠቀመ የድምፁ ጠባይ ተለውጧል። ፕሮፌት-5ን አስመስያለሁ የሚል ሶፍትዌር ያስመሰለው ጠረጴዛው ላይ የነበረችውን አንዲት መሣሪያ ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ችግር ለያማሃ ዲኤክስ7 ሲንተሳይዘርም ይሠራል? የዚያን ዘመን የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ ብቻ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ አይሠራም ማለት ይቻላል። በ1983 የወጣው ዲኤክስ7 ከመነሻውም ዲጂታል ነው፤ ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያገኘውን የኤፍኤም ስልት (አንዱን ሞገድ በሌላው ማርገብገብ) ተከትሎ፣ ለእያንዳንዱ ኖታ ስድስት የሳይን ሞገዶችን ከ32 አገናኝ መንገዶች በአንዱ እያጣመረ ድምፁን በቁጥር ያሰላል። ሶፍትዌሩ ያንኑ ስሌት ይደግማል እንጂ የሽቦና የሙቀት ጠባይ መገመት አይጠበቅበትም። የቀረው ልዩነት ያለው በዋናው መሣሪያ መውጫ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ወደ ድምፅ በሚለውጥ የ12 ቢት መቀየሪያ ስለሚያልፍ ድምፁ ሲከስም ሻካራ ሹክሹክታ ያስከትላል። አንዳንዶች ያንን ሹክሹክታ ይናፍቁታል፤ እኔ ከእነርሱ መካከል አይደለሁም።

ለእርስዎ የሚጠቅመው ሌላ ነገር አለ። የዲኤክስ7 ድምፆች የሚቀመጡት 32ቱ በአንድነት 4,104 ባይት ብቻ በምትይዝ የሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ) ፋይል ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን የተሠራ የድምፅ ስብስብ ዛሬም ሳይለወጥ ዴክስድ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ይከፈታል። የሚፈልጉትን ፒያኖ የሚያገኙት ከራሱ ከመሣሪያው የድምፅ ዝርዝር ነው፤ ያንን ድምፅ አስመስሎ የተሠራ ሌላ ድምፅ መፈለግ አያስፈልግዎትም።

ጥያቄ፦ ባለ ብዙ ማዞሪያ ኪቦርድ ገዝቼ ከጁፒተር-8 ሲንተሳይዘር አምሳያ ጋር አገናኘሁት። አንድ ድምፅ መርጬ ማዞሪያውን ገና ስነካው ፊልተሩ ድንገት ይዘልላል። ቀስ ብዬ ሳዞረውም ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚወርድ ይመስላል። ኪቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። የገለጹት ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው።

ዝላዩ የሚመጣው ማዞሪያውና ሶፍትዌሩ ስለ አንድ ነገር ሁለት የተለያየ ሐሳብ ስላላቸው ነው። አዲስ ድምፅ ሲመርጡ ስክሪኑ ላይ ያለው የፊልተር ማዞሪያ ለምሳሌ 90 ላይ ይሄዳል፤ እጅዎ ሥር ያለው ግን ቀድሞ በተዉት በ20 ላይ ነው። ሲነኩት 21 ብሎ ይልካል፣ ሶፍትዌሩም ታዝዞ ከ90 ወደ 21 ይወርዳል። በብዙ ኪቦርዶችና ፕለጊኖች መዘጋጃ ውስጥ ይህን የሚለውጥ ምርጫ አለ፤ «ፒክአፕ» የሚባለውን ሲመርጡ ማዞሪያው ትክክለኛውን ቦታ አልፎ እስኪሄድ ድረስ ሶፍትዌሩ አይሰማውም፣ «ስኬል» የሚባለው ደግሞ ሁለቱን ቀስ በቀስ ያቀራርባቸዋል። መድረክ ላይ ለሚጫወት ሰው ፒክአፕን እመክራለሁ፤ እስኪይዝ ድረስ ዝም ማለቱ ያበሳጫል፣ ነገር ግን ዘፈን መሀል ከመዝለል ይሻላል። ማዞሪያዎ ጫፍ የሌለው፣ እየዞረ የሚቀጥል ዓይነት ሆኖ ያለበትን ቦታ ሳይሆን የእንቅስቃሴውን መጠን ብቻ የሚልክ ከሆነ ችግሩ ከናካቴው አይኖርም።

ደረጃ ደረጃ መሥራቱ ከሚዲ ቋንቋ የመጣ ነው። በ1983 የተጀመረው ሚዲ አንድን የማዞሪያ እንቅስቃሴ የሚገልጸው ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ነው። ፊልተሩ አሥር ኦክታቭ የሚሸፍን ከሆነ 120 ሴሚቶን (ሴሚቶን የኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው) ማለት ነውና፣ እያንዳንዷ የቁጥር እርምጃ ወደ አንድ ሴሚቶን ትጠጋለች። ሬዞናንሱ ከፍ ብሎ ፊልተሩ እያፏጨ ሲጠመዘዝ በዚያ ፉጨት ውስጥ የሚሰሙት ነገር የክሮማቲክ ስኬል (ሴሚቶኖች በተርታ ሲሰሙ) መሆኑ አይግረምዎት። ጥሩ ፕለጊን ክፍተቱን በማለስለስ ይሸፍነዋል፤ የእርስዎም ይህ ምርጫ ካለው ያብሩት። ኪቦርዱና ሶፍትዌሩ ሁለቱም 16,384 እርምጃ ያለውን የ14 ቢት መልእክት የሚደግፉ ከሆነም ችግሩ ይጠፋል። በ2020 ይፋ የሆነው ሚዲ 2.0 ይህን ከሥሩ ያስተካክለዋል፤ የሚጠቅመው ግን ሁለቱም ወገን ሲናገሩት ነው።

ሳልጠየቅ አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉንም ማዞሪያ ከሁሉም ነገር ጋር ለማገናኘት አይድከሙ። እኔ አንድ ሰሞን 24 ማዞሪያዎችን አገናኝቼ በሁለተኛው ሳምንት የትኛው የምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። የፊልተሩን መቁረጫ፣ ሬዞናንሱን፣ የኤንቨሎፑን (የድምፁን መነሣትና መውረድ የሚመራውን) መጠን፣ የድምፁን መክሰሚያ ጊዜና የኮረሱን (ድምፁን የሚያሰፋውን ኢፌክት) መጠን ብቻ ይምረጡ፤ በሁሉም አምሳያዎች ላይ እነዚሁ አምስቱ በእነዚያው ቦታዎች ላይ ይሁኑ። እጅ የሚለምደው ቦታን ነው፤ የዋናዎቹ መሣሪያዎች ትልቅ ጥቅምም ማዞሪያቸው በየቀኑ ቦታ አለመቀየሩ ነበር።

ጥያቄ፦ ቁልፍ ስመታ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። የኮምፒውተሬ አቅም ማነስ ነው?

መልስ፦ ምናልባት፣ ግን በመጀመሪያ በፈሩን ይመልከቱ። ኮምፒውተሩ ድምፁን እየቋጠረ ነው የሚልከው፤ አንድ ቋጠሮ 512 ነጥብ ከሆነ በ44,100 ሲካፈል 11.6 ሚሊ ሰከንድ፣ 256 ከሆነ 5.8፣ 128 ከሆነ 2.9 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። በዚህ ላይ የኦዲዮ ኢንተርፌሱ (የኮምፒውተሩን ድምፅ ወደ ስፒከር የሚያወጣው መሣሪያ) የራሱን ይጨምራል። 5.8 ሚሊ ሰከንድ ማለት ድምፅ በአየር ላይ ሁለት ሜትር ያህል የሚሄድበት ጊዜ ስለሆነ፣ ስፒከሩ ሁለት ሜትር ርቆ ቢቆም የሚዘገየውን ያህል ነው። ሲጫወቱ 128 ላይ ያድርጉት፤ ድምፁ መንጣጣት ከጀመረ ወደ 256 ይመልሱት፤ ቀርጸው ሲጨርሱና ሚክስ ሲያደርጉ ወደ 512 ወይም ከዚያ በላይ ያውጡት።

ጥያቄ፦ «ሃይብሪድ» የሚባሉ ኪቦርዶች ምንድን ናቸው? ሦስት ሻጮች ሦስት የተለያየ ነገር ነገሩኝ።

መልስ፦ ሦስቱም እውነት ነግረውዎት ይሆናል። ቃሉ ለተለያዩ ነገሮች በአንድነት የተሰጠ ስም ሆኗል።

አንደኛው ዓይነት ራሱ ድምፅ የሌለው፣ ለአንድ ሶፍትዌር እንዲስማማ ሆኖ የተሠራ መቆጣጠሪያ ነው። ከዚህ ወገን እኔን ሁልጊዜ የሚያስፈግገኝ በ2004 ኮርግ ከአምሳያ ሶፍትዌሮቹ ጋር ያቀረበው መሣሪያ ነው። በ1978 የወጣውን ኤምኤስ-20 ሲንተሳይዘር አነስ አድርጎ፣ ማዞሪያዎቹንና የገመድ መሰኪያዎቹን ሳይቀር የያዘ ነበር። ተጫዋቹ ትንንሾቹን ገመዶች ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው ይሰካል፣ ስክሪኑ ላይም ያው ገመድ ተሰክቶ ይታያል፤ በገመዱ ውስጥ ግን አንዳች ድምፅ አያልፍም። ቀልድ ቢመስልም ሐሳቡ ትክክለኛ ነበር፤ ለሶፍትዌሩ የጎደለው ሰርኪት ሳይሆን መያዣ መሆኑን የተረዳ ሰው የሠራው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ሶፍትዌሩን ወደ ራሱ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ሮላንድ በ2014 ያወጣው ሲስተም-1 ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የጥንት ሲንተሳይዘር አምሳያ በዩኤስቢ ተጭኖበት ገመዱ ሲነቀል ያንን መሣሪያ ሆኖ ይቀጥላል፤ ኩባንያው ይህን «ፕለግ-አውት» ብሎታል። አርቱሪያ በ2024 ያቀረበው ባለ 61 ቁልፉ አስትሮላብም የኩባንያውን አምሳያዎች ያለ ኮምፒውተር ያሰማል፤ ድምፁን በጥልቀት ለማረም ግን ወደ ኮምፒውተሩ መመለስ ያስፈልጋል። በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደውን በ2005 የወጣውን ቫይረስ ቲአይን እዚህ እጨምረዋለሁ፤ ድምፁን የሚያሰላው መሣሪያው ራሱ ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፕለጊን ተከፍቶ ይታያል።

ሦስተኛው ዓይነት ከፕለጊን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ሞገዱ በዲጂታል፣ ፊልተሩ በአናሎግ የተሠራበት ሲንተሳይዘር ሁሉ ሃይብሪድ ይባላል፤ በ1986 የወጣው ኤንሶኒክ ኢኤስኪው-1 እንዲህ ያለ ነው፣ በ2018 የወጣው ፕሮፌት ኤክስም እንዲሁ።

ስለዚህ ሻጩን «ሃይብሪድ ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት። የዩኤስቢ ገመዱ ተነቅሎ፣ ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ቁልፍ እንዲመታልዎት ያድርጉ። ድምፅ ካልወጣ የሚገዙት መቆጣጠሪያ ነው። ድምፅ ከወጣ ቀጣዩ ጥያቄ ያንን ድምፅ ያለ ኮምፒውተር ምን ያህል መለወጥ እንደሚቻል ነው፤ ይህንንም ፊትዎ አድርገው ያሳዩዎት። ቤት ውስጥ ብቻ ለሚሠራ ሰው የመጀመሪያው ዓይነት ይበቃዋል ባይ ነኝ። ገንዘቡ ለኦዲዮ ኢንተርፌስና ለጥሩ ቁልፍ ቢውል ይሻላል፤ ምክንያቱም የሶፍትዌሩ ፊልተር ያማረ ሆኖ ቁልፉ የምትን ጉልበት በትክክል ካልለየ ከሁለት ወር በኋላ የሚሰለቹት ኪቦርዱን ነው።

ጥያቄ፦ የቆየ ጁኖ-106 ሲንተሳይዘር ለመግዛት ወይም አምሳያውን ሶፍትዌር ለመግዛት እያመነታሁ ነው። የትኛው ዕድሜ አለው?

መልስ፦ ሁለቱም ይሞታሉ፤ አሟሟታቸው ይለያያል። በ1984 የወጣው ጁኖ-106 በአንድ ጊዜ ስድስት ኖታ ያሰማል፤ ለእያንዳንዱ ኖታ የሚሠራው ፊልተር በሙጫ በታሸገ ቺፕ ውስጥ ተቀምጧል፣ ያ ቺፕም ሲያረጅ በመክሸፍ የታወቀ ነው። ለማየት ከሄዱ አንድ ቁልፍ ስድስት ጊዜ ደጋግመው ይምቱ፤ መሣሪያው ስድስቱን በተራ ስለሚጠቀም ከስድስቱ አንዱ ዝም ካለ፣ ከደከመ ወይም ከተንኮሻኮሸ ያገኙታል። ድምፆቹን የሚያስታውሰው ባትሪ መቼ እንደተቀየረም ይጠይቁ። ጉዳቱ የታወቀ ስለሆነ ምትክ ቺፕ ይሠራለታል፣ የሚጠግነው ሰውም ይገኛል።

የሶፍትዌሩ ሞት ድምፅ የለውም። በ2019 የአፕል ኮምፒውተሮች አዲሱ ሥርዓት 32 ቢት ፕሮግራሞችን ጨርሶ ማስኬድ ሲያቆም፣ ያልታደሱ ፕለጊኖች በአንድ ጀንበር ተዘግተዋል። እኔም አንድ የገዛሁት አምሳያ ነበረኝ፤ ኮምፒውተር ስቀይር እንደገና ፈቃድ ጠየቀኝ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰርቨር ግን ኩባንያው ሥራውን ካቆመ ቆይቶ ነበርና መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። በዚያ ድምፅ የጀመርኳቸው ሦስት ሥራዎች ዛሬም ሲከፈቱ ባዶ ትራክ ያሳያሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፍል ተጫውቼ ስጨርስ ሚዲውን ብቻ አላስቀምጥም፤ ድምፁን ወደ ኦዲዮ ቀይሬ ከጎኑ አኖራለሁ፣ የሶፍትዌሩን መጫኛ ፋይልም ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር አስቀምጣለሁ።

ለእርስዎ የምመክረው በአምሳያው እንዲጀምሩ ነው። የሙከራ ጊዜውን ተጠቅመው በተለይ ኮረሱን ያዳምጡ፤ ጁኖን ጁኖ ያደረገው በአብዛኛው እርሱ ነው፣ ሁለቱን ማብሪያዎቹን እያፈራረቁ ሲያበሩ ድምፁ ወደ ግራና ቀኝ መስፋት አለበት። ከስድስት ወር በኋላ አሁንም እጅዎ የሚሄደው ወደዚያው ድምፅ ከሆነ፣ የቆየውን መሣሪያ ለማየት ሲሄዱ ምን መስማት እንዳለብዎት ያውቃሉ።